ከችግኝ እስከ ችግኝ

መርካቶ፣ አጠና ተራ በሚባለው ሰፈር የባሕር ዛፍ እንጨት የሚመደበው በውፍረቱ ነው። ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ክምር ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን እያንዳንዱ የራሱ ስም አለው። እዚህ ማገር፣ እዚያ ወራጅ፣ ወዲያ ማዶ ለቤት ቋሚ የሚሆነው፣ ከሁሉም ጀርባ ደግሞ ለፎቅ መወጣጫ የሚፈለገው ረጅሙና ወፍራሙ አጠና። ገዢው ሜትር አያወጣም። እንጨቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ጣቶቹ መገናኘት አለመገናኘታቸውን ያያል፣ ከጫፉ በኩል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥ ማለቱን ይመለከታል፣ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። ጣቶቹ ካልተገናኙ ዋጋው ይዘላል።

ዕድሜውን የሚጠይቅ የለም። ቢጠየቅ ብዙውን ገዢ ያስገርም ነበር፤ ቀጭኑ ማገርና ወፍራሙ አጠና እኩያሞች ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ ክረምት ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ወጥተው፣ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ተተክለው፣ ያንኑ ዝናብ ጠጥተው ያደጉ። ልዩነቱን ያመጣው ዘሩ ወይም አፈሩ ነው ብሎ መገመት ይቀላል፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ዛፎቹ ተቆርጠው ባለቁበት ማሳ ላይ፣ ከጉቶ እስከ ጉቶ ሲለካ ይገኛል።

ከጎጃም እስከ ጉራጌ በየመንገዱ ዳር የባሕር ዛፍ ማሳ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የዳር ዛፍ ወፍራም ነው። ቅርንጫፉ ወደ ክፍቱ በኩል ይዘረጋል፣ ቅጠሉም ወደ ታች ድረስ ይወርዳል። ሁለት ሦስት ረድፍ ወደ መሐል ሲገባ ግንዱ ይቀጥናል፣ ቅጠሉ ወደ ጫፍ ይሸሻል፣ ከሥር ያለው መሬትም ሣር አልባ ይሆናል። ይበልጥ ሲዘለቅ ቆመው የደረቁ ቀጫጭን እንጨቶች ይገኛሉ። ቁመታቸው ግን ያን ያህል አይራራቅም፤ በሕይወት ያለው የመሐል ዛፍ ከዳሩ ዛፍ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። የደን ተመራማሪዎች በየአገሩ አሥርት ዓመታት የፈጀባቸውን ግኝት ይህ ማሳ በነፃ ያሳያል። መጠጋጋት ቁመትን ብዙም አይነካም፤ የሚቀማው ውፍረትን ነው።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከጉድጓድ ቁፋሮው ነው። ችግኞች በየአቅጣጫው አንድ አንድ ሜትር ተራርቀው ከተተከሉ አንድ ሄክታር 10,000 ይይዛል። ርቀቱ በእጥፍ ጨምሮ ሁለት ሜትር ሲሆን ቁጥሩ ወደ ሩብ፣ ማለትም ወደ 2,500 ይወርዳል። ሁለት ሜትር ተኩል ላይ 1,600፣ ሦስት ሜትር ላይ 1,111 ይሆናል። በተቃራኒው ግማሽ ሜትር ከሆነ 40,000 ጉድጓድ ያስፈልጋል። በብራዚል ለወረቀት ፋብሪካ ባሕር ዛፍ የሚያመርቱ ድርጅቶች ለአንድ ዛፍ በአብዛኛው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ካሬ ሜትር ይሰጣሉ። በኢትዮጵያ ደጋ ገበሬው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አንድ ካሬ ነው፤ ከዚያ በታችም ይገኛል። ሁለቱም የሚተክሉት ባሕር ዛፍ ነው፤ ሁለቱም ይሸጡታል። የሚሸጡት ነገር ግን አንድ አይደለም።

አንድ ችግኝ በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤት እንዳለው አያውቅም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሥሩ ገና አጭር ነው፣ ቅጠሉም የራሱን ጥላ እንጂ የሌላውን አያገኘውም። የመጀመሪያው ምልክት የሚመጣው ጥላ ከመጣም በፊት ነው። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ዓይናችን በደንብ የማያየውን፣ ከቀዩ ዳርቻ ያለፈውን ብርሃን ግን ይመልሳል። ስለዚህ ጎረቤት ሲቀርብ በዙሪያው ያለው ብርሃን ይለወጣል፤ ተክሉም ለውጡን የሚያነብ ቀለም በውስጡ አለው። ይህን ሲያነብ ወደ ላይ መመዘዝ ይጀምራል። ቀጥሎ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ይገናኛል፣ የቅጠል ክዳኑ ይገጥማል፣ ፀሐይ የማያገኘው የታችኛው ቅርንጫፍ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ ዛፉ ምግብ የሚሠራበት ቅጠል ቀንሷል። ያለውን ደግሞ በቅድሚያ ለአዲስ ቅጠል፣ ለሥርና ለቁመት ያውለዋል፤ ግንዱን ማወፈር ከወጪዎቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ ያለ ነው። ግንዱ ሲቆረጥ ታሪኩ ተጽፎ ይገኛል። እንደ ፈረንጅ ጽድና ጥድ ባሉ ዓመታዊ ቀለበታቸው ጎልቶ በሚታይ ዛፎች ላይ ከመሐሉ ያሉት ቀለበቶች ሰፋፊ ናቸው፤ ከዚያ ድንገት ይጠባሉ። መጥበብ የጀመሩበት ዓመት ዛፉ ጎረቤቱን ያገኘበት ዓመት ነው።

ጥብቅ ተክል ከሳሳው ፈጥኖ ክዳኑን ይገጥማል፤ በሁለትና በሦስት ዓመት መሬቱን ያጨልማል። ሳሳ ብሎ የተተከለው ዘግይቶ ይገጥማል። ከገጠመ በኋላ ግን አንድ ሄክታር ሊሸከም የሚችለው የቅጠል መጠን በአፈሩ፣ በውሃውና በፀሐዩ የተወሰነ ነው፤ አሥር ሺህ ዛፍ ቢካፈለውም አንድ ሺህ፣ ጠቅላላው ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ መሬቱ በዓመት የሚያመርተው እንጨት በሰፊ የርቀት ክልል ውስጥ ተቀራራቢ ነው። የሚለያየው በስንት ቁራጭ ተከፋፍሎ መውጣቱ ነው። አንዱን ድፎ ዳቦ ለአሥር ሰውም ለመቶ ሰውም መቁረስ ይቻላል፤ ገበሬው ቁፋሮው ላይ የሚወስነው የቁራሹን ስፋት ነው።

ይህ ዛሬ ግልጽ ቢመስልም ከዘጠና ዓመት በፊት ብዙ ያከራክር ነበር፤ ክርክሩ ከከረረባቸው ቦታዎች አንዱ ደቡብ አፍሪካ ነው። የአገሪቱ የደን ሥራ የተቀዳው ከአውሮፓ ነበር። በዚያ ቀዝቃዛ አገር ጥዱ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ባለሙያው አጠጋግቶ ይተክላል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ጥቂት በጥቂት ያሳሳል። ከሜክሲኮና ከአሜሪካ የመጣው ጥድ በደቡብ አፍሪካ ሲተከል ግን በጥቂት ዓመት ተመንድጎ እርስ በርሱ ተናነቀ፤ ከዚያም ቆመ። አንድ ክሬይብ የሚባል የደን ባለሙያ ይህን ከሌላ አቅጣጫ አየው። ክሬይብ ቀደም ሲል በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ የደን አፈር እርጥበትን አጥንቶ ነበር፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1929 ታትሟል። ብዙዎች ዛፎች የሚሻሙት ብርሃን ነው ብለው ሲያስቡ እርሱ ከመሬት በታች ያለውን የውሃ ሽሚያ አስቀድሞ ያየ ሰው ነበር።

ትምህርቱን ያገኘው ደግሞ ከጥድ አልነበረም። በናታል አካባቢ ለቆዳ ማልፊያ የሚሆነው ቅርፊቱ ተፈልጎ ጥቁር ዋትል የሚባል የአውስትራሊያ ግራር ይመረት ነበር። አምራቾቹ ዘሩን በመስመር አጠጋግተው ይዘሩታል፤ ገና በልጅነቱ ደግሞ ደጋግመው ያሳሱታል። ክሬይብ እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣው ጽሑፍ ይህ የዋትል ማሳሳት ለጥዱም ምን ያስተምራል ብሎ ጠየቀ። ያቀረበው ሐሳብ ቶሎ፣ በብዛት፣ ዛፎቹ ሳይታፈኑ ማሳሳት የሚል ነበር። ገና ጎረምሳ የሆነን ጥድ በግማሽና ከዚያም በላይ ቆርጦ መጣል በጊዜው ለነበሩ ባለሙያዎች ንብረት ማውደም መስሎ ቢታይ አይፈረድባቸውም።

ክርክሩን በቁጥር ለመፍታት የተነሣው ሌላው የደን ሰው ኦኮነር ነበር። ችግሩን አስቡት። ስምንት ዓይነት ርቀት ተክሎ ውጤቱን ማየት ሠላሳ ዓመት ይፈጃል፤ በዚያ ላይ በሰፊው የተተከለው ማሳ ሣር ይበላዋል፣ የጠፋው ችግኝ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ማወዳደሩ ይበላሻል። ኦኮነር እ.ኤ.አ. በ1935 ያቀረበው ዘዴ ብልህ ነው። ሁሉም መደቦች እኩል፣ ጥቅጥቅ ተደርገው ይተከላሉ። ከዚያ ሽሚያው ገና ሳይጀመር፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ሊገናኝ ሲል ይሳሳሉ። አንደኛው መደብ እንዳለ ይተዋል፣ ሌሎቹ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሱ ወደ ተመደበላቸው ቁጥር ይወርዳሉ። በሄክታር ከ2,965 ተነሥቶ 1,483፣ 988፣ 741፣ 494፣ 371፣ 247፣ መጨረሻ ላይ 124። የመጨረሻው ለአንድ ዛፍ ሰማንያ ካሬ ሜትር መስጠት ማለት ነው፤ በአንዱና በሌላው መካከል ዘጠኝ ሜትር ይሆናል። በዚህ ዘዴ ጥዶች ተፈተኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ በዙሉላንድ፣ ላንገፓን በተባለ ቦታ፣ ግራንዲስ የተባለው ባሕር ዛፍ ተተከለ። የዚያ ማሳ መረጃ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በተመራማሪዎች ጽሑፎች ውስጥ ሲጠቀስ ኖሯል።

መደቦቹ ያሳዩት ሁለቱንም ወገን የሚያስደስት አልነበረም። ጥቅጥቁ መደብ መጀመሪያ ላይ በጠቅላላ የእንጨት መጠን ይመራል፤ መሬቱን ቶሎ ስለያዘው። እየዋለ እያደረ ግን ቀጫጭኖቹ መሞት ይጀምራሉ፣ የቀሩትም አይወፍሩም። 124 ዛፍ የያዘው መደብ ላይ እያንዳንዱ ዛፍ ግዙፍ ነው፤ መሬቱ ግን ለብዙ ዓመት ባዶውን ውሎ አድሯል፣ ጠቅላላ ምርቱም ከሁሉ ያነሰ ነው። በመሐል ያሉት በጠቅላላ ምርት ከጥቅጥቁ ጋር ልዩነታቸውን እያጠበቡ፣ በእያንዳንዱ ዛፍ ውፍረት ደግሞ እየራቁት ይሄዳሉ። ወፍራም ዛፍ የፈለገ ከጠቅላላው ትንሽ መተው አለበት፤ ጠቅላላውን ሁሉ የፈለገ ቀጭን ይቀበላል።

ከደቡብ አፍሪካው ሥራ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1933፣ አሜሪካዊው ሬይኒክ ሌላ ነገር አሳይቶ ነበር። እኩያ ዛፎች የሞሉበት ደን የሚሸከመው የዛፍ ቁጥር ከውፍረታቸው ጋር የታሰረ ነው፤ አማካይ ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር መሬቱ የሚሸከመው ቁጥር ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። እንበል አንድ ማሳ ዛፎቹ በአማካይ አሥር ሳንቲ ሜትር ሲወፍሩ ቢበዛ ሦስት ሺህ ይይዛል። ሃያ ሳንቲ ሜትር ሲደርሱ የሚይዘው አንድ ሺህ ያህሉን ብቻ ነው። ሁለቱ ሺህ የት ይገባሉ? ወይ ባለቤቱ ቆርጦ ይሸጣቸዋል፣ ወይ ቆመው ይደርቃሉ። ሦስተኛው ዕጣ ሁሉም ቀጭን ሆነው መቆየት ነው፤ ውፍረታቸው አይጨምርምና ቁጥራቸውም አይቀንስም።

የርቀት ጥናት ሲነሣ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ቅርጽ አለ። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጆን ኔልደር እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው ነው፤ ያኔ ይሠራ የነበረው በአትክልት ምርምር ጣቢያ እንጂ በደን መሥሪያ ቤት አልነበረም። ተክሎቹ ከአንድ ማዕከል ወደ ውጭ በሚዘረጉ መስመሮች ላይ ይቆማሉ፤ ወደ ዳር በተሄደ ቁጥር ርቀታቸው ይጨምራል። ከላይ ሲታይ የጋሪ ጎማ ይመስላል። በአንድ ማሳ ላይ ከተጨናነቀው እስከ ተበታተነው ድረስ ያለው ርቀት ሁሉ ይገኛል፤ በርካታ መደብ መቁጠር አያስፈልግም። የደን ሰዎች ከአትክልት ሰዎች ተውሰውት በብዙ አገር ተከሉት። ከመሐል ወደ ውጭ እየተራመደ የሚያየው ሰው ግንዶቹ በየእርምጃው ሲወፍሩ በዓይኑ ያያቸዋል፤ ለገበሬ ማሠልጠኛ ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ ማሰብ ያስቸግራል።

ውፍረት ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳየው መሰንጠቂያው ነው። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሚወፍር አንድ ግንድና አሥር አሥር ሳንቲ ሜትር የሚወፍሩ ዘጠኝ አጠናዎች ተቆርጠው ሲታዩ የፊታቸው ስፋት ድምር እኩል ነው። ከአጠናው ግን የሚወጣው ትልቁ አራት ማዕዘን በየጎኑ ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሞራሌ ይወጣው ይሆናል፣ ቀሪው ፍልጥ ነው። ከወፍራሙ ግንድ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ደጋግሞ ይወጣል። ዘጠኙን አጠና አጋጥሞ ያን ጣውላ የሚሠራ መጋዝ የለም። መጠኑ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ በር፣ ጠረጴዛና አልጋ ይሆናል፣ ሌላው ማገር።

እዚህ ላይ አራርቆ መትከል ሁሉንም ይፈታል ብሎ መደምደም ያጓጓል። አይፈታም። ቦታ ያገኘ ዛፍ የታችኛውን ቅርንጫፉን አይጥልም፤ ቅርንጫፉ ይወፍራል፣ ግንዱ ውስጥ የሚቀረው ጉጥም አብሮ ይተልቃል። አናጺ ትልቅ ጉጥ ያለበትን ጣውላ አይወድም፤ መላጊያውን ያደናቅፋል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጣውላው የሚሰበረው ከዚያ ላይ ነው። ግንዱም ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ በፍጥነት የሚቀጥን ይሆናል። በተለይ በጥድ ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሠራው የመሐል እንጨት ልል ነው፤ ሲደርቅም ይጣመማል። አራርቆ የተተከለ ጥድ በልጅነቱ ቶሎ ስለሚወፍር ከግንዱ ትልቁ ክፍል ይህ ልል እንጨት ሊሆን ይችላል። ጥቅጥቅ ያለው ተክል በበኩሉ ሌላ መዘዝ አለው። ቁመቱ ከውፍረቱ መቶ እጥፍ የደረሰ ግንድ ከጎረቤቶቹ ጋር ተደጋግፎ እንጂ ለብቻው ነፋስ አይችልም። ለዓመታት ታፍኖ የቆየን ማሳ ድንገት ያሳሳ ሰው በቀጣዩ ነፋስ የተረፉትን መሬት ላይ ሊያገኛቸው ይችላል።

ኒውዚላንዶች መውጫ ያሉትን እ.ኤ.አ. በ1968 ፌንተንና ሰተን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጽፈውታል። ራዲያታ የተባለውን ጥድ በልጅነቱ ግረዙት፣ ቶሎ አሳሱት፣ በሄክታር ሁለት መቶ ያህል ምርጦችን ብቻ ለመጋዝ አቆዩ የሚል ነው። ቅርንጫፉ በእጅ ስለተገረዘ የግንዱ ታችኛው ክፍል ጉጥ የሌለበት ጣውላ ይለብሳል፤ ቦታ ስላገኘም ይወፍራል። ሰፊ ርቀት የሚያስከትለው ጉዳት በመጋዝና በሰው ጉልበት ይካሳል። ይህ ግን ሠራተኛ የሚከፍል፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሚጠብቅና መጨረሻ ላይ ለንጹሕ ጣውላ ተጨማሪ የሚከፍል ገዢ ያለው ሰው ሥራ ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ የተለየ መንገድ ሄዷል። ባሕር ዛፍ ወደ አገሪቱ የገባው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ ስሙ አብሮ ይነሣል። የተፈለገውም ለጣውላ አልነበረም። አዲሲቱ ከተማ ዙሪያዋን ጨፍጭፋ ማገዶ አጥሯት፣ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ባሕር ዛፉ ቶሎ ደረሰ፣ ከተቆረጠም በኋላ አቆጠቆጠ፣ አዲስ አበባም ባለችበት ቀረች። ከዚያ ጀምሮ ዛፉ በአገሩ ልማድ ውስጥ የማገዶ፣ የማገርና የአጠና ዛፍ ሆኖ ተተክሏል፤ ጥብቅ አተካከሉም የመጣው ከዚሁ ነው። ለማገዶ የሚተከል ዛፍ ወፍራም መሆን የለበትም፤ ቢወፍር መፍለጡ ራሱ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሕር ዛፉ ምንጭ ያደርቃል ተብሎ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ብዙም ሳይፈጸም ቀረ እንጂ፣ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ሳይታሰብ የተደረገ ታላቅ ማሳሳት ይሆን ነበር።

የጥብቅ ተክል ጥቅም ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው አሁን በአዊ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ኮረብታው ሁሉ ዲከረንስ ለብሷል፤ ክሬይብ ካጠናው ጥቁር ዋትል ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነ የአውስትራሊያ ግራር ነው። የአካባቢው አፈር ኮምጣጣ ነው፣ እህሉ እየቀነሰ ሄዷል። ገበሬው በክረምት ጤፍ በዘራበት ማሳ ላይ ችግኙን አብሮ ይተክላል። የመጀመሪያውን ዓመት ጤፉን ያጭዳል፣ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያውላል፣ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያ እንደገና ጤፍ። ርቀቱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው፤ ሄክታሩ ከአሥር ሺህ በላይ ይይዛል። ከሰል ገዢው የሚለካው በማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ከሰሉ ከወፍራም ግንድ ወጣ ወይስ ከቀጭን ግድ አይሰጠውም። በአራት ዓመት ውስጥ መሬቱን ሙሉ ለሙሉ መጠቀም የሚቻለው ቶሎ በሚገጥም ጥብቅ ተክል ብቻ ነው። ፋግታ ለኮማ ላይ ሦስት ሜትር አራርቃችሁ ትከሉ ብሎ መምከር የገበሬውን ገቢ ቆርጦ መጣል ነው።

የጥብቅነቱ ሌላ ገጽ የታየው በሽታ ሲመጣ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የግራር ዋግ የአዊን ዲከረንስ መትቶታል። አንድ ዓይነት ዛፍ፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ፣ ቅጠል ለቅጠል ተነካክቶ ከኮረብታ ኮረብታ ሲዘረጋ፣ በነፋስ ለሚጓዝ በሽታ የሚያቆመው ዳር አያገኝም።

ለአጠናም ቢሆን ገበሬው ብዙ ጊዜ ከመመሪያው ይልቅ ገበያውን ያውቃል። መወጣጫ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ቀጥ ያለ፣ ቅርንጫፍ ያልበዛበት፣ ከሥር እስከ ጫፍ ውፍረቱ ብዙ የማይለዋወጥ እንጨት ነው። ጥቅጥቅ ያለ ተክል የሚያሳድገው ይህንኑ ነው። ተራርቆ የተተከለ ባሕር ዛፍ በሰባት ዓመቱ ግንደ ወፍራም ይሆናል፤ ለመወጣጫ ግን ይከብዳል፣ ለጣውላም ገና ነው። ስለዚህ ጥያቄው ገበሬው ተሳስቷል አልተሳሳተም አይደለም። ጥያቄው ከአንድ ሜትር በታች ሲወርድ ነው። ግማሽ ሜትር ላይ የተተከለው አርባ ሺህ ችግኝ ዋጋ ተከፍሎበታል፣ ጉድጓድ ተቆፍሮለታል፤ አብዛኛው ግን ማገር እንኳ ሳይሆን ይደርቃል። የሬይኒክ ሒሳብ ችግኝ ለገዛ ሰው አይራራም።

ከዚህም የከፋ፣ ግን ማንም ብዙ የማያወራለት ልማድ አለ። ገንዘብ ሲቸግር፣ ልጅ ሲዳር፣ ግብር ሲደርስ፣ ገበሬው ማሳው ገብቶ መርጦ ይቆርጣል። የሚቆርጠው ደግሞ ወፍራሙን ነው፤ የሚሸጠው እርሱ ስለሆነ። ሲታይ ማሳሳት ይመስላል፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። የቀሩት የታፈኑት ናቸው፤ ቅጠላቸው ጫፋቸው ላይ ጭብጥ የምታህል ቀርታለች፣ ቦታ ቢያገኙም የሚሞሉበት አቅም የላቸውም። ክሬይብም ሆነ ኒውዚላንዶች ያሉት ግልባጩን ነው፤ ቀጭኑንና ጠማማውን ቀድመህ አውጣ፣ ምርጡን አቆይ። ለዚህ ግን ቀጭኑን የሚገዛ ሰው ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ደጋ በዚህ በኩል ከብዙ አገር የተሻለ ዕድል አለው። ሌላ አገር የሚጣለው ቀጭን እንጨት እዚህ ማገር ነው፣ አጥር ነው፣ ማገዶ ነው። አንድ ሜትር ላይ ተክሎ፣ በሦስተኛው ዓመት ከየሁለቱ አንዱን ለማገር አውጥቶ፣ ቆይቶ ወራጁን ሸጦ፣ መጨረሻ ላይ በሄክታር ጥቂት መቶ ግንድ ለመሰንጠቂያ ማቆየት የሚቻልበት አገር ብዙ አይገኝም። እንቅፋቱ የዘዴ እጥረት አይደለም። ለወፍራም ባሕር ዛፍ ግንድ ትዕግሥቱን የሚያካክስ ዋጋ የሚከፍል መሰንጠቂያ በየወረዳው የለም።

መሰንጠቂያው ባለበት ሌላው ችግር ይታያል። በሙኔሳና በሻሸመኔ አካባቢ ያለው የፈረንጅ ጽድ ተክል ለጣውላ ታስቦ የተተከለ ነው፤ ርቀቱም በደን መጻሕፍት እንደሚባለው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ። ወንዶ ገነት ላይ እ.ኤ.አ. በ1978 የተከፈተው የደን ትምህርት ቤትም ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን የኖረው በዚሁ አቅራቢያ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ግን የመጨረሻ ርቀት ተደርጎ አልታሰበም። 1,600 ጽድ የሚተከለው ጥቂት መቶው ምርጥ ሆኖ እንዲቀር ነው፤ የቀረው በየጊዜው ይወጣል ተብሎ ነው። ማሳሳቱ በጀት ጠፍቶ ወይም ትእዛዝ ዘግይቶ አምስት ዓመት ከተላለፈ የጠፋው አምስት ዓመት ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉ ወደ ጫፍ ሸሽቷልና ዛፉ ቦታ ሲሰጠው እንደ ድሮው አይመለስም። የተከላ ቀን በዓል ነው፣ ካሜራ ይመጣል። የማሳሳት ቀን ካሜራ አይመጣም።

የአገሪቱ የችግኝ ወሬም በዚሁ ይታማል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ቁጥሩ በመላው ዓለም ዜና ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ የሚነገረው ቁጥር ነው፤ ስንት ጸደቀ የሚለው ጥያቄም ተገቢ ሆኖ ይከተላል። በስንት ሜትር ተተከለ፣ ለምን ዓላማ፣ በስንት ዓመቱ ይሳሳል የሚለውን ግን ሲጠይቅ የሚሰማ ጥቂት ነው። ተዳፋት ላይ አፈር እንዲይዝ የተተከለ ዛፍና ለጣውላ የተተከለ ዛፍ አንድ ርቀት አይፈልጉም። ሁሉም ከጸደቀና ሁሉም ተጠጋግቶ ከተተከለ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ግማሹ ቆሞ መድረቁ ውድቀት አይደለም፤ ሬይኒክ የጻፈው ሒሳብ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በትላልቆቹ ሕንፃዎች ላይ የብረት መወጣጫ አጠናውን እየተካው መጥቷል። ፎቅ ሠሪው ሁሉ ወደ ብረት ከዞረ የዛሬው አንድ ሜትር ነገ ትክክል ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ባሕር ዛፍን አራርቆ እንደገና መትከል እንደ ጤፍ ማሳ ቀጣዩን ክረምት መጠበቅ ብቻ አይደለም። ጉቶው አይሞትም። አባት በአንድ ሜትር የተከለው ማሳ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል፣ ልጅም ያንኑ ርቀት ወርሶ ይቆርጣል፤ ብዙ ማሳ ሦስትና አራት ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ተቆርጧል። ርቀቱን መለወጥ የፈለገ ሰው ጉቶ መንቀል አለበት፤ የባሕር ዛፍ ጉቶ ደግሞ በዶማና በመጥረቢያ ቀናት ይፈጃል።

ጉቶ ሳይነቀል የሚሠራበት ክፍተት ግን አለ። ከተቆረጠ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከአንድ ጉቶ አሥርና ከዚያም በላይ ቀንበጥ ይፈላል። ሁሉም ከተተወ ማሳው ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጨናነቃል፤ የሚወጣውም ጭራሮ ነው። አንድ ወይም ሁለት ጠንካራ ቀንበጥ ብቻ ቀርቶ ሌላው በልጅነቱ ከተመለመለ አጠና ይሆናል። በረድፉ መካከል ከየሁለቱ ጉቶ የአንዱ ቀንበጥ ሁሉ እየተመለመለ ከቆየ ደግሞ ያ ጉቶ ቀስ በቀስ ይዳከማል፣ በረድፉ ውስጥ ያለው የአንድ ሜትር ርቀትም ያለ ዶማ ወደ ሁለት ሜትር ይሄዳል። የተመለመለው ቅጠል ለምጣድ ይሆናል። ሥራው ማጭድ ከመያዝ አያልፍም፤ የሚሠራውም ቀንበጡ ገና ለምለም ሳለ፣ ከቆረጣው በኋላ ባለው በመጀመሪያው ዓመት ነው።